በዓላቱን ሁላችንም እናውቃቸዋለን፤ በበዓላት መካከል ያለውን ዘመን ግን በአጥቢያችን እንዴት እንማረው?

የአጥቢያው ልጅ (ርእሱን የከፈተ)

ሰላመ እግዚአብሔር ከሁላችን ጋር ይሁን። ብዙዎቻችሁ በየአጥቢያችሁ ሳታስተውሉት የማትቀሩትን አንድ ጉዳይ ለውይይት ላቀርብ ነው። ከተራ ሲደርስ ታቦቱን የሚያጅበው ሕዝብ መንገድ ይሞላል፤ የደብሩ ንግሥ በሚከበርበት ቀን ቅጽሩ መቆሚያ ያጣል፤ በትንሣኤ ሌሊት ጧፍ ይዞ የሚያድረው ምእመን ከደጀ ሰላሙ አልፎ ይቆማል። ይህ ሁሉ እግዚአብሔርን የምናመሰግንበት ነው። ይሁን እንጂ በበዓሉ ማግስት በሚውለው እሑድ ያው ቤተ ክርስቲያን ሊታመን በማይችል ሁኔታ ይሳሳል፤ የቀሩትም ብንሆን የቆምንበት ሳምንት በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ምን እንደሚባልና ስለ ምን እንደተሠራ ብንጠየቅ ብዙዎቻችን መልስ የለንም።

በተለይ የማዝነው ከትንሣኤ በኋላ ባለው ሳምንት ነው። ሰኞ ማዕዶት፣ ማክሰኞ ቶማስ፣ ረቡዕ አልዓዛር፣ ሐሙስ የአዳም ሐሙስ፣ ዓርብ ቤተ ክርስቲያን፣ ቅዳሜ ቅዱሳት አንስት እየተባለ፣ ከዚያም እሑድ ዳግም ትንሣኤ ሆኖ እያንዳንዱ ቀን የራሱ መታሰቢያ ተሰጥቶታል። ሃምሳ አምስት ቀን የጾመ ሰው የጾሙን ፍሬ ቀን በቀን እያጣጣመ እንዲሄድ የተዘጋጀለት ሳምንት ሆኖ ሳለ፣ በጾሙ ወራት ዘወትር ሲያስቀድስ የነበረው ሰው የሚጠፋው ያን ጊዜ ነው።

የእኔ እምነት ይህ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ዓመት የታላላቅ በዓላት ድርድር ብቻ ሳይሆን ከመስከረም እስከ ጳጉሜን የሚዘልቅ አንድ ትምህርት ስለሆነ፣ በመካከል ያሉትን ሳምንታት የዘለለ ሰው በዓሉን ቢያከብርም የበዓሉን ምክንያት ሳይሰማ ይቀራል። ስለዚህ ከቅዳሴ በኋላ ማስታወቂያ በሚነገርበት ሰዓት «የሚቀጥለው እሑድ እንዲህ ይባላል፤ የሚነበበው ወንጌል ይህ ነው፤ በቤታችሁ አንብባችሁ ኑ» የሚል አጭር ቃል ቢጨመር ብዙ የሚለውጥ ይመስለኛል። በእናንተ አጥቢያ ይህ ይደረጋል? የምትጨምሩትስ ምን አለ?

ግጻዌ አንባቢ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ፤ ያነሣኸው ጉዳይ ቦታው ደርሶ የተነሣ ነው። በዲቁና የማገለግል እንደ መሆኔ ስለ ግጻዌ ጥቂት ልጨምር፤ ምክንያቱም የምትፈልገው ትምህርት ተጽፎ የተቀመጠው በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ነው።

ግጻዌ ለየዕለቱና ለየሰንበቱ የሚነበበውን ይወስናል። ከቅዱስ ጳውሎስ መልእክታት አንድ ክፍል፣ ከሌሎቹ ሐዋርያት መልእክታት አንድ ክፍል፣ ከግብረ ሐዋርያት አንድ ክፍል፣ ከዳዊት መዝሙር ምስባክ፣ ከዚያ ወንጌሉ፣ በመጨረሻም ከ14ቱ ቅዳሴያት በዚያ ቀን የሚቀደሰው ይታዘዛል። እነዚህ በአጋጣሚ የተሰበሰቡ አይደሉም። የዐቢይ ጾምን ስድስተኛ እሑድ፣ ገብር ኄርን እንመልከት። ወንጌሉ በማቴዎስ ምዕራፍ 25 ያለው የመክሊቱ ታሪክ ነው፤ አንዱ አገልጋይ የተሰጠውን መሬት ቆፍሮ ይቀብረዋል። ከወንጌሉ አስቀድሞ የሚዜመው ምስባክ ግን ከመዝሙር 39 የተወሰደ ሲሆን፣ ዘማሪው የአምላኩን ፈቃድ ለመፈጸም እንደወደደ፣ ሕጉንም በሆዱ ውስጥ እንደያዘ ይናገርና፣ ይህን ጽድቅ በታላቅ ጉባኤ መካከል እንዳወራ ይመሰክራል። አንዱ የተቀበለውን በመሬት ሲሰውር ሌላው በልቡ የያዘውን በጉባኤ ይገልጣል። ምስባኩን አስተውሎ የሰማ ሰው ወንጌሉ ሲነበብ ሰባኪ ገና ሳይነሣ ግማሹን ትርጓሜ አግኝቷል ማለት ነው።

ነገር ግን ምስባኩ በግእዝ ይዜማል፤ ምእመኑም ዜማውን በፍቅር ይቀበላል እንጂ የተባለውን ሁልጊዜ አያስተውለውም። ንባቡን አስቀድሞ ማስታወቅ የሚጠቅመው ስለዚህ ነው። የዐቢይ ጾም ሰንበታት ስም፣ ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መጻጉዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስና ሆሣዕና፣ ከቅዱስ ያሬድ የዜማ መጽሐፍ ከጾመ ድጓ የመጣ በመሆኑ ብዙ ሰው ቢያንስ ስማቸውን ያውቃል። ከልደት በፊት ያሉት ሦስቱ ሰንበታት፣ ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ፣ ግን እንደ እነዚያ አልታወቁም። ነቢያት ይመጣል ብለው የሰበኩት፣ ለዓለም ብርሃን የሆነው፣ በጎቹን የሚጠብቅ እውነተኛ እረኛ የሆነው እርሱ መሆኑን በሦስት ሳምንት ሰምቶ ወደ ልደት የደረሰ ሰውና በዋዜማው ብቻ የመጣ ሰው በዓሉን እኩል አይቀበሉትም።

የ12ቱ አክባሪ

ልጆቼ፣ የጻፋችሁትን በጥሞና አነበብሁት። መልካም ነው፤ ሆኖም አንድ ነገር እንዳትዘነጉ እለምናችኋለሁ። «በበዓል ብቻ የሚመጣ» እየተባለ የሚነገርለት ሕዝብ ብዙ ጊዜ ከልቡ የሚመጣ ሕዝብ ነው። በ12 ቅዱስ ሚካኤልን፣ በ16 ኪዳነ ምሕረትን፣ በ21 እመቤታችንን፣ በ27 መድኃኔ ዓለምን ሳይሳለም ወደ ሥራው የማይሄድ ሰው አለ። ስለቱ የደረሰለት፣ የታመመ ልጁ የዳነለት፣ ወይም ልመናው ገና ያልተመለሰለትና አሁንም የሚያለቅስ ነው። እኔ ራሴ ወደ ቤተ ክርስቲያን የተሳብሁት እናቴ በምትዘክረው የቅዱስ ሚካኤል ዝክር ነው፤ የጸበል ጸዲቁን በረከት ተቀብዬ ነው ስለ እምነት መጠየቅ የጀመርሁት።

የወር በዓል ለብዙ ሰው የመግቢያ በር ነው። በበሩ የገባውን «ለምን በዚህ ብቻ ገባህ» ብለን ብንወቅሰው ይመለሳል። ይልቅስ በ12 የመጣው ሰው በዚያው ቀን የሰንበቱን ትምህርት የሚሰማበት መንገድ ቢፈለግ ይሻላል።

የአጥቢያው ልጅ

አባቴ፣ እድሜ ይስጥልን፤ ምክርዎን ተቀብያለሁ። የወሩን በዓል ማክበርን ለመንቀፍ አላሰብሁም። የምፈልገው በ12 የሚመጣው ሰው ያ 12 በዘመነ ጽጌ ውስጥ ነው ወይስ በዐቢይ ጾም የዋለ ነው ብሎ እንዲያውቅ ነው፤ የጥቅምት ሚካኤልና የመጋቢት ሚካኤል በአንድ ድምፅ አይከበሩምና። በመጋቢቱ ከበሮውና ጸናጽሉ ያርፋሉ፤ ሊቃውንቱ በመቋሚያ ብቻ ይዘምማሉ። ይህን ዝምታ የሰማ ሰው ለምን እንደሆነ ቢጠይቅና መልስ ቢያገኝ ስለ ጾሙ ብዙ ይማራል።

ሐሳበ ዘመን

ስለ መጋቢት ካነሣችሁ አይቀር፣ የዓመቱ አሠራር ምን ያህል የታሰበበት እንደሆነ የሚያሳዩ ሁለት በዓላት አሉ። የጌታ ስቅለት በጥንተ በዓሉ መጋቢት 27 ነው፤ ፅንሰቱም መጋቢት 29 ነው። ሁለቱም ብዙውን ጊዜ በዐቢይ ጾም ወራት ስለሚውሉ በደስታ ሥርዓት ለማክበር አይመችም። ስለዚህ መድኃኔ ዓለም በጥቅምት 27 በድምቀት ይከበራል፤ ብሥራቱም ቅዱስ ደቅስዮስ በሠራው ሥርዓት ታኅሣሥ 22 ይታሰባል። ብሥራቱ ከልደት አንድ ሳምንት ቀድሞ መምጣቱን የማያውቅ ሰው ታኅሣሥ 22ን ከሌሎች የወሩ በዓላት እንደ አንዱ አድርጎ ያልፈዋል።

በዚህ አጋጣሚ ጾምና በዓል ከዓመት ዓመት የሚወጡበትንና የሚወርዱበትን ምክንያት ለማያውቁ ወጣቶች የዘመን መቁጠሪያውን ትምህርት ባሕረ ሐሳብን ባጭሩ ላሳይ። አባቶች ይህን ቁጥር የእስክንድርያ 12ኛ ሊቀ ጳጳሳት ለሆነው ለዲሜጥሮስ ተገልጦለት እንደደረሰው ያስተምራሉ፤ ነነዌ፣ ዐቢይ ጾምና ጾመ ሐዋርያት ከሰኞ፣ ስቅለት ከዓርብ፣ ትንሣኤ ከእሑድ፣ ዕርገት ከሐሙስ እንዳይወጡ ይመኝ ነበርና። የ2018 ዓመተ ምሕረትን እንውሰድ። ከክርስቶስ ልደት በፊት ያለውን 5500 ዓመተ ኵነኔ ስንጨምርበት 7518 ይሆናል። ይህን በ19 ስናካፍለው 13 ይተርፋል፤ ከዚህ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12 ነው። ወንበሩን በ19 አባዝተን 228 ስናገኝ፣ ሠላሳ ሠላሳውን ስንገድፍ 18 ይቀራል፤ መጥቅዑ ይህ ነው። መጥቅዕ ከ14 ሲበልጥ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም፣ ሲያንስ በጥቅምት ይውላል፤ ስለዚህ የ2018 በዓለ መጥቅዕ መስከረም 18 ሆነ፤ ዕለቱም እሑድ ነበር። የእሑድ ተውሳክ፣ ማለትም ለዕለቱ የሚጨመረው ቁጥር፣ 7 ስለሆነ 18ና 7 ተደምረው የነነዌን መግቢያ ቀን የሚሰጠው መባጃ ሐመር 25 ይሆናል፤ ጾመ ነነዌም ጥር 25 ሰኞ ገባ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነው፤ 14 ቀን ሲጨመር ዐቢይ ጾም የካቲት 9፣ 69 ቀን ሲጨመር ትንሣኤ ሚያዝያ 4፣ 118 ቀን ሲጨመር ጰራቅሊጦስ ግንቦት 23 ይሆናል።

በዚህ ሥርዓት ነነዌ ከጥር 17 በታች አይወርድም፤ ከየካቲት 21 በላይም አይወጣም፤ ትንሣኤም ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባሉት ቀናት መካከል ይመላለሳል። ጾመ ሐዋርያት አንዱን ዓመት ረዝሞ ሌላውን ዓመት የሚያጥረው በዚህ ምክንያት ነው፤ መግቢያው ከጰራቅሊጦስ ማግስት ጋር እየተጓዘ፣ መፍቻው ግን ሐምሌ 5 ላይ የጸና በመሆኑ ከ15 እስከ 49 ቀን ሊደርስ ይችላል። መስከረም 1 ቀን ሊቃውንቱ አጽዋማቱንና በዓላቱን ቆጥረው ለሕዝብ ሲያውጁ ብዙ ሰው የአዲስ ዓመት ወሬ ይዞ ሊሰማ አይችልም። ያን ዕለት ግን የዓመቱ ጉዞ ሁሉ ይነገራል። በደብራችሁ ይህ አዋጅ ከተነገረ በኋላ ተጽፎ በደጀ ሰላም ቢለጠፍ የወንድማችን ጥያቄ በከፊል ይመለሳል ባይ ነኝ።

የሁለት ልጆች እናት

ቃለ ሕይወት ያሰማልን። እኔ ከቤት በኩል ያለውን ልናገር። ልጆች ዘመንን የሚማሩት ከሚያዩትና ከሚሰሙት ነው። በሰሙነ ሕማማት ቤተ ክርስቲያን ስወስዳቸው መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ካህኑ በመስቀል ለምን እንደማይባርኩ ነበር። እኔም በቻልሁት መጠን ነገርኋቸው፤ በዚያ ሳምንት ፍትሐት እንደማይደረግ፣ ክርስትና እንደማይነሣ፣ አዳም በሲኦል የቆየበትን ዘመን እያሰብን እንደምንሰግድ ነገርኋቸው። ታናሹ አልገባውም፤ ታላቋ ግን ዝም ብላ ቆይታ ዓርብ ዕለት መልሱን ራሷ አገኘችው።

የዓርቡን ነገር ላልሄዱበት ሰዎች መግለጥ ይከብዳል። ከማለዳ ጀምሮ ግብረ ሕማማቱ በየሰዓቱ ይነበባል፤ «ኪርያላይሶን» እየተባለ ይሰገዳል፤ ከሰዓት በኋላ የሰው ጉልበት ይዝላል፤ ነጠላው አቧራ ይለብሳል፤ አሮጊቶች ግድግዳ ተደግፈውም ቢሆን አያቋርጡም። በመጨረሻ እያንዳንዱ ወደ ካህን ቀርቦ በወይራ ቅጠል ትከሻውን እየተነካ የሚሰግደው ቁጥር ይነገረዋል። ልጄ ተራዋ ደርሶ ስትመለስ «እማዬ፣ እኔም ድርሻ ተሰጠኝ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ የትንሣኤውን ሌሊት ሳትተኛ ጠበቀችው።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በዐቢይ ጾምና በፍልሰታ ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ ስለሚቀደስ፣ ትምህርት ቤት ውለው የሚመጡ ልጆችም ሆነ ከሥራ ፈቃድ የሚጠይቁ ወላጆች ሰዓቱን አስቀድመው ማወቅ ያስፈልጋቸዋል። ከወንጌሉ ማስታወቂያ ጋር ሰዓቱም ይነገር።

ከባሕር ማዶ

በውጭ አገር ላለን ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። ሥራችን ስለማይፈቅድልን በሳምንቱ መካከል የሚውሉ በዓላትን ብዙ ጊዜ በአቅራቢያው ባለው ቅዳሜ ወይም እሑድ እናከብራለን። አባቶቻችን ይህን የፈቀዱልን ለድካማችን አዝነው ነው፤ ነገር ግን በመጀመሪያ የተጻፈው የትንሣኤ ሳምንት፣ ከማዕዶት እስከ ቅዱሳት አንስት ያለው፣ ለልጆቻችን ፈጽሞ የማይታወቅ ሆኗል። ጎረቤቶቻቸው ልደትን ቀድመው ያከብራሉ፤ የእኛ ልጆች ታኅሣሥ 29ን ሲጠብቁ በጾመ ነቢያት ላይ ናቸው፤ ሌላው ሲበላ እነርሱ ይጾማሉ። የጾሙን ምክንያት ያልተማረ ልጅ ይህን ለብዙ ዓመት አይሸከመውም።

በእኛ አጥቢያ ጥቂት ቤተሰቦች በየማታው በስልክ ተገናኝተን የዕለቱን የግጻዌ ንባብ በአማርኛ እናነባለን፤ ከመካከላችን አንዱ ዲያቆን ካለ ጥቂት ያብራራል፤ ካልተገኘም አባታችን ሆይ ደግመን እንለያያለን። ስብሰባ የሚባል አይደለም፤ ሆኖም በበዓለ ሃምሳ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» የሚለውን ሰላምታ እስከ መጨረሻው ይዘን የዘለቅነው ይህን ከጀመርን በኋላ ነው።

የሰበካ ጉባኤ አባል

እኔ በምእመናን ወገን ተመርጬ በአንድ አጥቢያ ሰበካ ጉባኤ ውስጥ አገለግላለሁ። ከቅዳሴ በኋላ የሚነገረው ማስታወቂያ በምን እንደሚሞላ ስለማውቅ በግልጽ ልናገር። ለሕንፃው የሚያስፈልገው ገንዘብ፣ የዕቃ ግዢው፣ የጉዞው ምዝገባ፣ የጎደለው የአባልነት መዋጮ ይነገራል፤ እነዚህ ሁሉ አስፈላጊ ናቸው፤ ይሁን እንጂ ሰዉ ቅዱስ ቁርባን በተቀበለበት አፉ ወጥቶ የመጨረሻ ሆኖ የሚሰማው ይህን ነው። የወንጌሉ ማስታወቂያ ከእነዚህ በኋላ የሚነገር ከሆነ ማንም አይሰማውም፤ ግማሹ ሰው ወጥቷል። መጀመሪያ ይነገር፤ በአስተዳዳሪው ወይም በስብከተ ወንጌል ክፍሉ አንደበት ይነገር።

የሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶችም በጉባኤው ውስጥ ተወካይ ስላላቸው፣ የሳምንቱን ስም፣ ንባቡንና የቅዳሴውን ሰዓት በአንድ ወረቀት ጽፎ በደጀ ሰላም የመለጠፉ ሥራ ለእነርሱ ቢሰጥ ከማንም ይልቅ በትጋት ይፈጽሙታል።

ግጻዌ አንባቢ

የሰበካ ጉባኤው ወንድማችን ባሉት እስማማለሁ፤ ነገር ግን ከማስታወቂያው የሚከብድ አንድ ጉዳይ አለና በፍቅር ልናገረው። ምእመኑ ንባቡን አንብቦ ከመጣ በኋላ ስብከቱ ስለ ሌላ ጉዳይ ከሆነ በሚቀጥለው ሳምንት አያነብብም። መጻጉዕ በተነበበበት እሑድ 38 ዓመት በአልጋ ላይ የቆየው ሰው ሳይነሣ፣ «ልትድን ትወዳለህን?» የሚለው የጌታ ጥያቄ ሳይብራራ ስብከት የሚያልቅ ከሆነ፣ ሊቃውንቱ ሌሊቱን በማኅሌት ያደረሱት፣ በቅዳሴ የተነበበውና በዐውደ ምሕረት የተሰበከው የተለያዩ ይሆናሉ። እንግዳ ሰባኪ ሲጋበዝ የሰንበቱ ንባብ አስቀድሞ ይላክለት። ይህ ምንም ወጪ የለውም።

የ12ቱ አክባሪ አባታችን ላነሡትም መልስ የሚሆን ይመስለኛል። በወር በዓል ቀን የሚሰብከው መምህር የቅዱሱን ተአምር ከተናገረ በኋላ ዘመኑን ቢያስታውስ፣ ለምሳሌ በሐምሌ 12 ክረምቱ ከሰኔ 26 ጀምሮ መግባቱን፣ ቤተ ክርስቲያን ስለ ዝናሙ፣ ስለ ዘሩና ስለ ደመናው በዜማዋ አምላኳን እንደምታመሰግን ቢገልጥ፣ በዝናም ተጨማልቆ የመጣው ሰው የመጣበትን መንገድ ራሱን በመዝሙሩ ውስጥ ያገኘዋል።

የ12ቱ አክባሪ

ልጄ፣ እንዲህ ከሆነ ከልቤ እስማማለሁ። በእኛ ዘመን የንስሐ አባታችን ለጸበል ጸዲቅ ቤታችን ሲመጡ ይህንኑ ያደርጉ ነበር፤ ጸሎት አድርሰው ሲቀመጡ «ዛሬ በየትኛው ዘመን ላይ ነን?» ብለው ልጆችን ይጠይቁ ነበር። አሁን የንስሐ ልጆች ስለበዙባቸው ካህናቱ ወደየቤቱ ለመድረስ አልቻሉም። የጽዋ ማኅበራት ግን አሉ። የማኅበሩ መሪ ሙሴው በየወሩ ጽዋውን ከማሳለፉ በፊት የሳምንቱ ወንጌል ይነበብ።

የአጥቢያው ልጅ

የሁላችሁንም ሐሳብ በጽሑፍ አጠቃልዬ ለደብራችን አስተዳዳሪ ለማቅረብ ወስኛለሁ። በአንድ ጊዜ ዓመቱን በሙሉ ከመያዝ በዘመነ ጽጌ መጀመሩ የሚሻል መሰለኝ፤ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው ዘመን የእመቤታችንን ከልጇ ጋር መሰደድ የምናስብበት ስለሆነና በየሳምንቱ ማኅሌተ ጽጌ የሚያድር ብዙ ወጣት ስላለ፣ ሰሚ አይጠፋም። ከዚያ በጾመ ነቢያት እንቀጥላለን፤ ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ በስማቸው ተነግረው ልደት ላይ እንደርሳለን። ግጻዌ አንባቢ ወንድሜ፣ የእነዚህን ሰንበታት ንባብ አውጥተህ ብትልክልኝ ውለታህ ትልቅ ነው። የእኅታችንን የሰዓት ጉዳይም እጨምራለሁ።

ግጻዌ አንባቢ

በደስታ እልካለሁ። የሚለጠፈውን ወረቀት የሚያዘጋጁት ልጆች አንድ ነገር እንዲጠነቀቁ ንገርልኝ፤ ያለፈውን ዓመት ወረቀት ቀን ብቻ ለውጠው አያትሙት። 2019 ዘመነ ሉቃስ በመሆኑ ጳጉሜን 6 ትሆናለች፤ ስለዚህ በ2020 ዘመነ ዮሐንስ ልደት የሚከበረው ታኅሣሥ 28 ነው። የሰንበታቱም ቀን በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ፣ የጻፉትን ከመለጠፋቸው በፊት ባሕረ ሐሳብ ለሚያውቅ መምህር ያሳዩ።

ሐሳበ ዘመን

ለመፈተሹ እኔ አለሁ፤ ረቂቁን እዚሁ አስቀምጡልኝ።